ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ያለው ማነው?
ወንድሜ፣ ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚቀመሰው ብለህ ለጉደር ወይን ከ10 4 ሰጥተኸዋል። እዚህ ላይ ተሳስተሃል። አባባሉ የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ ያኔ ቤቶቹ ቀዝቃዛ ስለነበሩ የክፍል ሙቀት ማለት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የባሕር ዳር ሳሎን ግን፣ በተለይ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ወይን ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ጣዕም ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ነጥቡን የሰጠኸው ለሙቀቱ እንጂ ለወይኑ አይደለም። እኔም ጣና ዳር ነው የምኖረው፤ ሁሌ ጠርሙሱን 30 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ አስገባለሁ። ነጩን ግን ከመቅመስህ ትንሽ ቀደም ብለህ አውጣው፣ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል። እስቲ ያንኑ ጉደር አቀዝቅዘህ ድገመውና ስንት እንደሰጠኸው ንገረኝ።