ውህደትን አስቀድሞ ማገድ ወይስ ማታለልን መቅጣት?

የክርክሩ ጭብጥ፦ የአሜሪካ መንግሥት የኩባንያዎችን ውህደት አስቀድሞ መርምሮ የማገድ ሥልጣኑን ሊያጠብቅ ይገባል። (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ ፌስቡክ በ2012 ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ የገበያ ውድድርንና ሸማቾችን የሚጠብቀው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ሳያግደው አለፈ። ይኸው ኮሚሽን በ2020 ግዢው ተፎካካሪን ለማጥፋት የተፈጸመ ነበር ብሎ ከሰሰ፤ በ2025 ግን ፍርድ ቤቱ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ባሉበት በዛሬው ገበያ ኩባንያው ሞኖፖል (ገበያውን ብቻውን የተቆጣጠረ) መሆኑ አልተረጋገጠም በማለት ወሰነለት። ስለዚህ ዘግይቶ የሚመጣ ክስ የሚመዘነው በተለወጠ ገበያ ነው። በ1976 የወጣው ሕግ ትልልቅ ውህደቶች ከመፈጸማቸው በፊት እንዲታወቁ፣ በአብዛኛውም 30 ቀን እንዲጠብቁ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ተቃዋሚ፦ አስቀድሞ ማገድም ዋጋ ያስከፍላል። ጄትብሉ የተባለው አየር መንገድ ርካሽ ቲኬት የሚሸጠውን ስፒሪት አየር መንገድን በ3.8 ቢሊዮን ዶላር እንዳይገዛ ፍርድ ቤት በጥር 2024 የከለከለው፣ ርካሽ ቲኬት ፈላጊው ተሳፋሪ ይጎዳል በሚል ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ስፒሪት በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። ውህደትን መመርመር ነገ የሚሆነውን መገመት ሲሆን፣ ሸማችን ማታለል ግን የተፈጸመና ማስረጃው በእጅ ያለ ድርጊት ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቾችን በአዝራሮች አቀማመጥ አሳስቶ ያልፈለጉትን አስገዝቷል ተብሎ የተከሰሰው ኤፒክ ጌምስ በ2022 ለተመላሽ ገንዘብ የሚውል 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የመርማሪዎች ቁጥር ውስን ከሆነ፣ ጉልበታቸው መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ደጋፊ፦ ስፒሪት ከፍርዱ በፊትም ለዓመታት ሲከስር ቆይቷል። ጄትብሉም አውሮፕላኖቹን ወስዶ የወንበራቸውን ቁጥር ለመቀነስ አቅዶ ስለነበር፣ ርካሹ ቲኬት በውህደቱም ቢሆን አይተርፍም ነበር። ከቅጣቱ መንገድ ላይ ብዙ መታመንም ያስቸግራል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021፣ ኮሚሽኑ ለአሥርተ ዓመታት ገንዘብ ሲያስመልስበት የኖረው አንቀጽ ይህን ሥልጣን አይሰጠውም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ተቃዋሚ፦ እሱን ምክር ቤቱ በአንድ ማሻሻያ ሊያቃናው ይችላል፤ እንዲያውም የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። የሚያሳስበኝ ተጠያቂነት ነው። ኮሚሽኑ በስህተት ያሳለፈው ውህደት ጉዳቱ ለሁሉም ይታያል፤ በስህተት ያስቀረው ግን ስላልተፈጸመ ብቻ ማንም አይጠይቅበትም። ሥልጣኑ ይጥበቅ የሚሉኝ የተከበሩ ተከራካሪዬ፣ መሥሪያ ቤቱ ያገዳቸውን ውህደቶች ከዓመታት በኋላ መልሶ እንዲመረምርና ግኝቱን በይፋ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ድንጋጌ አብሮ እንዲገባ ይስማማሉ?

ደጋፊ፦ እስማማለሁ፤ ግን ያሳለፋቸውንም ይጨምር።