እግር ያላቸው እንግዶች

ባለፈው እሑድ የባለቤቴ አክስት ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ባዶ ሶፋ ሞልቶ ሳለ፣ እርሱ በመስኮቱ ሥር ከቆመው በእግር ከሚሠራው የሲንጀር ስፌት መኪናዬ ፊት ያለውን ወንበር መርጦ ተቀመጠና ጫማውን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራ ረገጠ፤ ስለ ልጁ የማትሪክ ውጤት እያወራ ረገጠ፤ ወሬው በጋለ ቁጥር እግሩም እየፈጠነ ሄደ። የሲንጀር መዘውር የሚዞረው ወደሚሰፋው ሰው ነው፤ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ከሥር ይተበተባል። እንግዳችን ግን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሲያስኬደው ቆይቶ፣ ባለቤቴ ቶናውን ስትቀዳ መዘውሩን የሚያዞረው ጠፍር «ጧ!» ብሎ ተለያየ። እርሱም እግሩን ቀስ ብሎ አነሣና፣ «ድሮም አርጅቶ ነበር ማለት ነው» አለኝ።

ይህ ሰው ምሳ ላይ «በሞቴ» ተብሎ ካልተለመነ አንዲት ጉርሻ የማይጨምር፣ በር ላይ ቆሞ «ጫማዬን ላውልቅ?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ ነው። እርሱ ብቻም አይደለም። የሌላውን ሰው ፍሪጅ ለመክፈት የሚያፍረው፣ የሌላውን ሰው ስልክ ለመንካት የሚሳቀቀው ሁሉ፣ ፔዳል ያየ ዕለት ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳዋል። ልጆቹንስ እሺ። በእድር ስብሰባ ላይ «ሥርዓት ይከበር!» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሽማግሌ፣ እኔ ቤት ሲገባ እንደ ሁለት ዓመት ሕፃን እግሩ የሚያሳክከው ለምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የእኔ ነገር የጀመረው ምናለሽ ተራ ውስጥ ነው። ከዛገ ብረት ክምር ሥር አንድ ጥቁር የሲንጀር ራስ አየሁ፤ ራሱን ገዝቼ እግር ፈለግሁለት፤ እግሩን ሳገኝ ሌላ ራስ አብሮት መጣ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ደረሱ። ባለቤቴ ለዘመዶቿ «አምስት መኪና አለው» ብላ በምሬት ተናግራ ኖሮ፣ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ምሬቱ መንገድ ላይ ቀርቶ መኪናው ብቻ ደረሰና፣ አንድ የሩቅ ዘመድ ለልጁ ሠርግ ሁለቱን እንዳውሰው፣ ቢቻልም ነጭ ነጩን እንድሰጠው በስልክ ለመነኝ። ሁሉም ጥቁር ናቸው ብዬ መለስሁለት። ከዚያ ወዲህ አልደወለልኝም።

ወደ ጠፍሩ ልመለስ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ስለ መቀነት እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ ለእኔ ግን ስለ ሲንጀር ጠፍር የተነገረ ያህል ነው። ጠፍሩ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ቆዳ ሲሆን፣ ከታች ካለው ትልቅ መንኰራኵር ተነሥቶ በጠረጴዛው ቀዳዳዎች ያልፍና ላይኛውን መዘውር ያዞራል፤ ሁለቱ ጫፎቹ የሚያያዙት በአንዲት የሽቦ ቁራጭ ነው። ቆዳ ደግሞ ይለጠጣል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ልኩን ይዞ ያስረዋል፣ ጥቂት ቀን ያሠራዋል፣ ሲላላ ግማሽ ጣት ያህል ቆርጦለት እንደ ገና በጥንቃቄ ይበሳዋል። ካጠበቁት ፔዳሉ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፤ ካላሉት ይንሸራተታል። ይህን ምሳሌ በሠርግ፣ በእድር፣ አንድ ጊዜም በሽምግልና ላይ ተናግሬዋለሁ። በሽምግልናው ባልና ሚስቱ ተፋትተዋል፤ ምሳሌው ግን ትክክል ነበር።

«ድሮም አርጅቶ ነበር» ለሚለውም መልስ አለኝ። በመኪናው በስተ ቀኝ የተቀረጸው ቁጥር በ«ዋይ» ፊደል ስለሚጀምር፣ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በተባለች ከተማ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠራ ነው። የዚያ ፋብሪካ ትልቅ የሰዓት ማማ በ1963 እ.ኤ.አ. ፈረሰ፤ ፋብሪካው ራሱም በ1980 ተዘጋ፤ የሲንጀርን ስም እስከ ዛሬ የያዘው እዚያው ያለው የባቡር ጣቢያ ነው። እናት ፋብሪካው የፈረሰችበት መኪና እዚህ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ማታ እንኳ፣ መወርወሪያውን እንደ ሸማኔ ወዲያና ወዲህ እያለ ይሰፋል። ማሽን የሚባል ነገር ሁሉ ያሳስበው የነበረው ማሕተማ ጋንዲ ሳይቀር የሲንጀርን መኪና ከነቀፌታው ነጻ አድርጎታል። ጋንዲ ያከበረውን የእኔ እንግዳ በጫማው!

ከእንግዳው ይልቅ ግን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይብሳል፤ ስሙን እንኳ አልጠራውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ሰሞን ያገኘውን ሁሉ፣ ከበር እጀታ እስከ ሪሞት፣ በአልኮል ይወለውል ጀመር። እኔ በሌለሁበት ወደ ሁለተኛው ሲንጀሬ ደረሰ። ያ ሲንጀር ግንባሩ ላይ ሰውነቱ አንበሳ፣ ራሱ ሰው የሆነ ወርቃማ ስፊንክስ ነበረው። እንዲህ ያለው ሥዕል በስስ ወረቀት ላይ ታትሞ ብረቱ ላይ የተለጠፈ፣ ከላዩም ሼላክ በሚባል ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ለዚህ ነው እኔ በስፌት መኪና ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ በየቀኑ አንድ ስንዝር ያህል፣ ሁለት ወር ሙሉ ያጸዳሁት። ስመለስ ያ ሰው በወርቅ የተለወሰ ጥጥ አንሥቶ አሳየኝና፣ «ስንት ቆሻሻ ነበረበት!» አለኝ። ከስፊንክሱ የቀረው አንድ የኋላ እግር ነው። ሰውዬውን በበዓል ቀን እስመዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ እንኳ እስመዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልሁትም።

ሌሎቹ ደግሞ መኪናውን ጭራሽ አያዩትም፤ የሚያዩት በውስጡ አለ የተባለውን ሀብት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በአሮጌ ሲንጀር መርፌ ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል፣ መኖሩ እንኳ ያልተረጋገጠ ውድ ነገር አለ የሚል ወሬ ተነሥቶ፣ ፖሊስ ገብቶ እስኪመረምረው ድረስ ለአንዱ እስከ 200,000 ሪያል ተጠየቀበት ተብሎ ተዘግቦ ነበር። መፈተኛውም ሞባይል ነው፦ ስልክ እየተነጋገሩ ወደ መርፌው ሲያስጠጉት መስመሩ ከተቋረጠ ሜርኩሪው አለ ማለት ነው። ጅዳ ስትሠራ የኖረች አንዲት ጎረቤታችን ይህን ሰምታ መጥታ፣ ስልኳን ይዛ በአምስቱም መኪና ዙሪያ ዞረች፤ በአምስቱም ተቋረጠባት። በእኛ ሰፈር ኔትወርክ ያለ ሜርኩሪም እንደሚቋረጥ ላስረዳት ብሞክር፣ ሀብቴን የደበቅሁ መስሏት እስከ ዛሬ በጎን ታየኛለች።

እነዚህ ሁሉ ግን ቢያንስ መኪናውን ሙሉ አድርገው ይመኙታል። የማልችለው ካፌዎቹን ነው። አንዱ ካፌ ውስጥ የሲንጀሩን የብረት እግር ወስደው ሰሌዳ ጭነውበት የማኪያቶ ጠረጴዛ አድርገውታል። ራሱስ የት ሄደ ብዬ አስተናጋጁን ብጠይቀው፣ «የቱ ራስ?» አለኝ። ሙሉ ዕውቀቱ ያለበት፣ ክር የሚስበው፣ መርፌ የሚያወርደው፣ ጨርቅ የሚገፋው ራሱ ለቁራሌው ተጥሎ፣ ሲረገጥ የኖረው እግር ቀለም ተቀብቶ የክብር ቦታ ያገኛል። ይህን የት የት እንደማየው ብዘረዝር ከጉዳዬ መውጣት ይሆንብኛልና ልተወው። ከዚያ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ በእርግጥ ደንበኛው ሁሉ ፔዳሉን ይረግጣል፤ እኔ በሄድሁበት ቀን ሁለት ማኪያቶ ፈስሷል፤ አንደኛው የእኔ ነው።

እናም ስለ እንግዳው ነበር የማወራው። እውነቱን ከተናገርሁ ጠፍሩን ያሰርሁት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ነገ እንግዳ ይመጣል ስለ ተባልሁ፣ መኪናው ሲሠራ ላሳይበት ፈልጌ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ፣ ሽቦው አልታጠፍ ቢለኝ በጥርሴ ነክሼ። ይህን ለእንግዳው አልነገርሁትም። ባለቤቴም ይህችን አንቀጽ ባታነብብ እመርጣለሁ።

ጠፍሩ አሁንም እንደ ተበጠሰ ነው፤ የሱሪዬም ጫፍ እንደ ተተረተረ ነበርና፣ ትናንት ባለቤቴ «አምስት መኪና ያለው ሰው!» ብላ ሱሪውን በፌስታል አስይዛ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ወደሚሠራው ልብስ ሰፊ ላከችኝ። የእርሱ ሲንጀር ወርቁ የለ፣ ቀለሙ የለ፤ በየቀኑ ክንዱ ያረፈበት ቦታ እንደ መስታወት ነጥቷል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ቁጥሩ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ለማየት በቀኝ በኩል ጎንበስ ስል፣ ሰውዬው ረገጣውን አቁሞ መዘውሩን በመዳፉ ከለለና፣ «ጋሼ፣ ባይለፉ ይሻላል፤ ሌሎችም በስልክ አይተውታል፤ ሜርኩሪ የለውም» አለኝ።