ለእማማ የተወሰደው ወጥ

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የጓደኛዬን እናት ልጠይቅ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሄድኩ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና ማታ የሠራሁትን ወጥ በምሳ ዕቃ ይዤ ነበር። ነርሷ በሩ ላይ አስቁማ፣ «መቼ ተሠራ? መንገድ ላይስ ስንት ሰዓት ቆየ?» አለችኝ። ወጤ ፖሊስ ጣቢያ የገባ መሰለኝ።

ተቀየምኩ። ጥያቄዋ የገባኝ ቆይቶ ነው። አገር ቤት ሆስፒታል ለተኛ ሰው ምግብ የሚያመላልሰው ቤተሰብ ነው፤ ትኩሱ በፔርሙዝ ይመጣል፣ አልጋው ሥር ሆነን እናበላለን፣ የተረፈውን አስታማሚው ይጨርሰዋል። ለነገ የሚተርፍ የለም። እዚህ ግን ቅዳሜ አብስለን እሑድ እንወስዳለን፤ አረጋውያኑ ደግሞ የቤት ምግብ ሲናፍቃቸው ስለሚከርም እስከ ረቡዕ ሊቆጥቡት ይፈልጋሉ። ጣጣው የሚመጣው በዚህ መካከል ነው።

«ተንተክትኮ የበሰለ ወጥ ምን ይሆናል?» እንላለን። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ትልቁ ድስት ምድጃው ላይ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃና ይራባል። ስለዚህ ወጡን ጠፍጠፍ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ ማቆየት፣ ሲበላም እስከ 74 ዲግሪ ማሞቅ ነው። 4 ቀን ካለፈው ይደፋል። ወጣት አንድ ቀን ሆዱን ታምሞ የሚነሣበት ነገር አቅሙ የደከመን ሰው ሊገድል ይችላል።

ደንቡንም ብዙዎቻችን አናውቀውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች (የመጀመሪያው በዋናነት ለአረጋውያን፣ ሁለተኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ) የሚቀበሉ መጦሪያዎች ጠያቂ ስለሚያመጣው ምግብ አያያዝ መመሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል እንጂ ምግቡን አይከለክልም። «አይቻልም» ብሎ መገላገል የሚወድ ሠራተኛ ግን እዚህም አለ፤ በዚህስ አገር ቤት ካሉት ቢሮዎች አይለዩም።

ነርሷ ዕቃው ላይ ስምና ቀን ለጥፋ አስገባችኝ። እማማ ጥቂት እንደቀመሱ አጠገባቸው የተቀመጡትን አሮጊት በእጃቸው ጠቅሰው በአማርኛ «እንብላ» አሏቸው። እኔም ጉርሻ ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ። ነርሷ ሮጣ ያዘችኝ። ለካ ሴትዮዋ መዋጥ ስለሚያዳግታቸው የሚመገቡት የተፈጨ ብቻ ነው፤ ያ ጉርሻ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችል ነበር።

እጄ ከነጉርሻው እንደተንጠለጠለ ቀረ። እማማ አዩኝና፣ «በል ወዲህ አምጣው፤ ጉርሻ አይመለስም» ብለው ራሳቸው ጎረሱት።