የኤድ ቴምፕልን ድህነት አታወድሱልኝ

የአሠልጣኝ ኤድ ቴምፕል ታሪክ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ያናድደኛል። ሁሌም የሚጀመረው ከመሙ ነው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ መስመር እንኳ በወጉ ያልተሰመረበት አቧራማ መም። ከዚያ ዘለል ተብሎ የኦሊምፒክ ወርቅ። ከዚያ ደግሞ ተራኪው ፈገግ ብሎ «አየህ፣ ልብ ካለ ገንዘብ ምን ያደርጋል!» ይልሃል። ኧረ ብዙ ነገር ያደርጋል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ቴምፕል በ1950 (እ.ኤ.አ. ነው፣ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) ከቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀ እዚያው ሥራ አገኘ። ማስተርሱን እየተማረ የግቢውን ፖስታ ቤት ይመራል፣ የሴቶቹን የሩጫ ቡድንም ያሠለጥናል፤ ለሁሉም በወር 150 ዶላር። በኋላ የሶሲዮሎጂ መምህር ሆነ። ማሠልጠኑን ግን አልተወም፣ 44 ዓመት ቆየበት። ከእጁ 40 ኦሊምፒያኖች ወጡ። 23 ሜዳሊያ አመጡ፣ 13ቱ ወርቅ ነው። ይሄ ሁሉ ከአንድ ግቢ! በ1956 ሜልቦርን ላይ ነሐስ ያገኘው የአሜሪካ የሴቶች 4 በ100 ዱላ ቅብብል ቡድን አራቱም የእሱ ሠልጣኞች ነበሩ። በ1960 ሮም ላይ ወርቅ የወሰዱትም እንደዚያው አራቱም የእሱ ናቸው።

ሮምን እኛም እናውቃታለን። የቴምፕል ሯጭ ዊልማ ሩዶልፍ 100ውን፣ 200ውንና ዱላ ቅብብሉን ባሸነፈችበት በዚያው ኦሊምፒክ ነው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጨረሰው። እኛም በአበበ ላይ ያንኑ ጥፋት እንሠራለን፣ ባዶ እግሩን አውርተን አንጠግብም። ሰውዬው ጫማው ስላልተመቸው ነው ያላደረገው፣ በባዶ እግር ሲለማመድም ስለኖረ አልከበደውም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሮሙ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኖ ገባ።

ቴምፕል ያሸነፈው በአሠራሩ ነው። ገና 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች በክረምት ዕረፍት ወደ ግቢው ይጠራል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያሠራቸዋል፣ የሆነላትን ኋላ ኮሌጅ ያስገባታል። ሩዶልፍን ያያት የሁለተኛ ደረጃ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲዳኝ ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሯን በብረት ድጋፍ ስትጎትት የነበረች፣ ከ22 ልጆች 20ኛዋ! ዋዮሚያ ታየስ ከጆርጂያ የመጣችው በ15 ዓመቷ ነው፤ በ1964 እና በ1968 100 ሜትርን ተከታትላ አሸነፈች፤ ከእሷ በፊት ወንድም ሴትም ያንን ያደረገ አልነበረም። የክረምቱ ሥልጠና ሐሳብ የቴምፕል ፈጠራ አይደለም፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ቀድሞ ይሠራበት ነበር። እሱ ግን አልለቀቀውም፣ በየዓመቱ ደገመው። ትልልቆቹም ትንንሾቹን ይይዙ ነበር። ለ1956ቱ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ሲሮጡ ከትልልቆቹ አንዷ ሜይ ፋግስ ታዳጊዋን ሩዶልፍን «ከእኔ ጎን አትለዪ» ያለቻት ነገር እስከ ዛሬ ይወራል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ከ40ዎቹ ኦሊምፒያኖች 39ኙ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። ያኔ ሩጫ ገንዘብ የለውም፣ አማተር ነው። ሩዶልፍ ራሷ በ22 ዓመቷ ነው የተወችው። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት በምን ይገፋል? ቴምፕል ይህን ገና ሳይጀምሩ አስቦላቸዋል። እኛ ጋ ትምህርቱን አቋርጦ ክለብ የገባ ወጣት ጉልበቱ ሲጎዳ ምን እንደሚሆን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የአሠልጣኙ ሪፖርት ላይ ግን የሚጻፈው ሜዳሊያው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድህነቱ ልመለስ። ልጆቹ የስፖርት ስኮላርሺፕ አልነበራቸውም፣ በቀን ሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ እየሠሩ ነበር የሚማሩት። ለውድድር ሲሄዱ መኪናውን የሚነዳው ራሱ ቴምፕል ነው፣ ምሳቸውን ቋጥረው፣ ምክንያቱም በደቡቡ አሜሪካ መንገድ ላይ ጥቁር የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ነበር፤ ሽንት ቤቱም «ለነጭ ብቻ» ስለሆነ ልጆቹ ጫካ ይገባሉ። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ለሴቶች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ማዘጋጀት የጀመረው በ1982 ነው። እስቲ ይሄ የትኛው ነው ሯጭ የሚያፈራው? ድህነት ቢያፈራማ ደቡቡን የሞሉት የጥቁሮች ኮሌጆች በሙሉ ዊልማ ሩዶልፍ ይኖራቸው ነበር።

አንዳንዱ «ችግር ወኔ ይሰጣል» ይላል። ለአንዷ ይሰጥ ይሆናል። በመንገዱ ሰልችታ ወይም ሥራና ልምምድ አልጣጣም ብሏት የቀረችዋን ግን ማን ይቆጥራታል? ቦቆጂም ላይ ያው ነው። የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራበትን ሜዳ እንግዳው ሁሉ እየመጣ አቧራውን ያደንቃል። አቧራው ምን አደረገ?

ደግሞ የናሽቪሉ ድህነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ቴነሲ ስቴት የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ሲሰጠው ግዛቱም በበኩሉ መዋጮ ማድረግ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግዛቱ ለነጮቹ ዩኒቨርሲቲ ሲያዋጣ ለጥቁሮቹ ዝም አለ። በ2021 የግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ከ1957 ጀምሮ የቀረውን ሲያሰላ ከ150 እስከ 544 ሚሊዮን ዶላር መጣ። ልብ በሉ፣ ያ ጊዜ አብዛኛውን የቴምፕልን የሥራ ዘመን ይሸፍናል! በ2023 ደግሞ የፌዴራሉ ሚኒስትሮች የኋለኞቹን ሦስት አሥርት ዓመታት ብቻ አስልተው ጉድለቱን ወደ 2.1 ቢሊዮን ዶላር አደረሱት።

በ2022 ግዛቱ ለዩኒቨርሲቲው ግንባታና እድሳት 250 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ቴምፕል ግን በ2016 ሞቷል። ናሽቪል ውስጥ ሐውልቱ የቆመለት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር፤ ሐውልት እንኳ ከገንዘቡ ቀድሞ ደርሷል።