በግራ እጅ የተፈረመ ዜሮ

ወገኖቼ፣ አራት ጣቱን ማሽን የቆረጠበት ልጅ፣ ቁስሉ ገና ደም እያዘለ፣ ከእናቱ ቤት በድርጅት መኪና ተወስዶ የሥራ መግቢያ መዝገብ ላይ በግራ እጁ እንዲፈርም ተደርጓል። ይህን ያደረገው ባዕድ አይደለም። እኛው ነን፤ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን የምንተክል፣ ለቅሶ የማንቀር፣ የእግዜርን ስም ከአፋችን የማንለይ እኛው። ስለዚህ ቃሌ ቢመራችሁ ቻሉት።

ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው። ሰንጋ ተራ፣ ከንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፈረሰው ሰፈር በተረፉት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። በቴክኒክና ሙያ ተመርቆ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበርና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፌሮ አምራች ፋብሪካ ሲቀጥረው እናቱ ጎረቤቱን ጠርታ ቡና አፈላች። እኔ ዕድሜዬን በፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ለምክር መጣ። “ጋሼ፣ ምን ልጠንቀቅ?” አለኝ። “የሚዞር ነገር አጠገብ ጓንት አታጥልቅ” አልኩት። ጓንት ከሙቀትና ከስለት ያድናል፤ የሚዞር ነገር ሲይዘው ግን እጅን ይዞ ነው የሚገባው። ይህን ጥገና ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሜክሲኮ ላይ ሰርቪስ ሲጠብቅ አየው ነበር።

ፌሮ ሲሠራ ከምድጃ የወጣው የጋለ ብረት በሮለሮች መካከል እያለፈ ይቀጥናል። በየማለፊያው ከገላው ላይ ቅርፊት ይረግፋል። ያ ቅርፊት በኮንቬየር፣ ማለትም በከበሮዎች ላይ በሚዞር ሰፊ ቀበቶ፣ ተጭኖ ይወጣል፤ ከኮንቬየሩ ሥር የሚያፈተልከው ደግሞ የኋላውን ከበሮ እየሞላ ቀበቶውን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ በየጊዜው መጠረግ አለበት። የልጁ ሥራ ይህ ነበር። ለመጥረግ ኮንቬየሩ መቆም፣ ማብሪያው መቆለፍ፣ ቁልፉም በጠራጊው ኪስ መግባት ነበረበት። ግን ቅርፊቱ ሲከመር መስመሩ በሙሉ ይዘገያል፣ መስመሩ ከዘገየ ቶን ይቀንሳል፣ ቶን ከቀነሰ የሽፍቱ ቦነስ ይቀራል። ስለዚህ ከበሮው እየዞረ ይጠረግ ነበር።

ከአደጋው በፊት የደኅንነት ኦዲት ተደርጓል። ኦዲተሮቹ የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ታውቆ ስለነበር ከበሮው ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ የወንፊት ጋርድ፣ እጅ እንዳይገባ የሚከልል ሽፋን፣ በብሎን ታሰረ። በኮንቬየሩ ርዝመት ቀይ ገመድ ተዘረጋ፤ ሲሳብ ማሽኑን የሚያቆም የአደጋ ጊዜ ገመድ መሆኑ ነው። ለሁሉም አዲስ ጓንት ታደለ፤ ያላጠለቀ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ተነገረ። ኦዲተሮቹ ጋርዱን ፎቶ አነሱ። ጋርድ አለ፣ ራይት። ገመድ አለ፣ ራይት። ጓንት ተጠልቋል፣ ራይት። ገመዱን የሳበው ግን አልነበረም። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢስበው ኖሮ፣ ሌላው ጫፉ ከማብሪያ ጋር ሳይሆን ከውኃ ቧንቧ ጋር መታሰሩን ያውቅ ነበር።

ኦዲቱ ባለቀ በሳምንቱ ጋርዱ ተፈታ። ለእያንዳንዱ ጠረጋ ብሎን መፍታትና ማሰር ጊዜ ይፈጃል ተባለ። ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጁ በቆልማማ ብረት ቅርፊት ሲስብ የጓንቱ ጫፍ በከበሮውና በቀበቶው መካከል ገባ። ጓደኛው ሮጦ ቀዩን ገመድ ሳበ። ገመዱ ከነቋጠሮው እጁ ላይ ቀረ። መልሶ ማብሪያው ወዳለበት ፓኔል ሮጠ። እስኪደርስ ድረስ ልጁ ምን እንዳለ፣ ምን እንደጮኸ፣ እኔ ለእናቱ አልነገርኳትም፤ ለእናንተም አልነግራችሁም። ከቀኝ እጁ የተረፈው አውራ ጣቱ ብቻ ነው።

ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አደረ። ሐሙስ ወደ ቤት ተመለሰ። ዓርብ ንጋት ላይ መኪና በር ላይ ቆመ። የመጣው ሰው ትሑት ነበር ትላለች እናቱ፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ፣ ብርቱካን ይዞ ነበር። “ትንሽ ብቅ ይበልና እንመልሰዋለን፣ ለራሱ ጥቅም ነው” አላት። ልጁን ደግፈው አስገቡት። ፋብሪካው በር ላይ መዝገቡን አቀረቡለት። የቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏልና በግራው ፈረመ። የገጹን ፎቶ በስልኩ አንስቶ አሳይቶኛል፤ ከላይና ከታች የሰው ፊርማ አለ፣ መሐል ላይ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን የጫረው የሚመስል መስመር አለ። ከዚያ ጥበቃ ቤት ውስጥ ወንበር ሰጡት። ማስታገሻውን እየዋጠ፣ እጁን ሽቅብ ይዞ፣ እስከ ማታ ተቀመጠ። ቅዳሜም እንዲሁ። ሆስፒታል ያሳለፋቸው ረቡዕና ሐሙስ በዓመት ፈቃድ ተመዘገቡ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደተደረገ በዘርፉ የሌላችሁ ላይገባችሁ ይችላል። የፋብሪካን ደኅንነት ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ቁጥሮች አንዱ የሥራ ቀን ያስቀሩ ጉዳቶች ምጣኔ ነው። የጉዳቶቹ ብዛት በ1,000,000 ይባዛል፤ ሠራተኛው ሁሉ በዓመቱ በሠራው ሰዓት ይካፈላል። ጉዳተኛው በሚቀጥለው ሽፍት ሥራው ላይ ከተገኘ ግን ጉዳቱ የሥራ ቀን አላስቀረም ተብሎ ከዚህ ቁጥር ይወጣል። በትክክል የሚመዘግብ ድርጅት እንዲህ ያለውን ሰው ቀላል ሥራ ላይ የተመደበ ጉዳተኛ ብሎ በሌላ ዓምድ ያስገባዋል። በእኛ ልጅ ላይ ሌላ ዓምድ አልተከፈተም፤ የቀረባቸው ሁለቱ ቀናትም ፈቃድ ተባሉ። ያ በግራ እጅ የተጫረ መስመር አንድ ዓላማ ብቻ ነበረው፤ የዓመቱ ቁጥር ዜሮ ሆኖ እንዲያድር።

አደረም። ሚያዝያ 20፣ የዓለም የሥራ ላይ ደኅንነት ቀን ሲከበር፣ እዚሁ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር በሚደረስበት አዳራሽ ያ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ የሥራ ቀን ያስቀረ ጉዳት ሳይደርስበት በመሥራቱ ተመስግኖ ሰርተፊኬት ተቀበለ። ባለሀብቱ ነበሩ፣ ኦዲተሮቹ ነበሩ፣ ብረቱን የሚገዙት ሥራ ተቋራጮች ነበሩ፣ የሠራተኛ ተወካዮችም ነበሩ። ተነሥታችሁ አጨበጨባችሁ። ቢያንስ ሦስት ሰዎች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ልጁ ያውቁ እንደነበር አውቃለሁ፤ አንዱ ብርቱካን ይዞ የመጣው ሰው ነው። እሱም አጨበጨበ። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እናቱ የጠየቀችኝ ስለ ሰርተፊኬቱ አይደለም። ለፋሲካ ልጁ ፈቃድ ሲጠይቅ “ሁለቱን ቀን ተጠቅመሃል” ተብሎ ነበር። “ወንድሜ፣ ልጄ ፈቃድ የወጣው መቼ ነው?” አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሥራ በመነጨ አደጋና በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። እንዲህ ያለ ግምት የሚሠራው ከየአገሩ በሚገኝ መዝገብና በስሌት ነው። የእኛ መዝገብ ለዚያ ልጅ ያዋጣው ሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕግ አጣን አንበል። ሕጉ አለ፣ የሚመዘገበው ግን ሌላ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን ስለ አንድ ሰው ገላ ነበር፤ እኛ የሺህ ሠራተኞችን በሽታ ሸሽገን ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን።

በዚህ የተሞኘነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን 2005 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ ባለው ቢፒ በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ማጣሪያ የኮንትራክተር ሠራተኞች ወደ ምሳ ግብዣ ሄዱ። ግብዣው አንድ ወር ሙሉ የሥራ ቀን ያስቀረ ጉዳት ሳይደርስ መቆየቱን ለማክበር የተዘጋጀ ነበር። ወደ ጊዜያዊ ቢሯቸው እንደተመለሱ አንድ ማማ ከልክ በላይ በነዳጅ ተሞልቶ ገነፈለ፤ የወጣው ነዳጅ ተቀጣጥሎ ፈነዳ። 15 ሰው ሞተ፣ 180 ቆሰለ። በኋላ የመረመሩት ድርጅቱ የሰዎችን መቁሰል የሚቆጥረውን ምጣኔ የማጣሪያው ደኅንነት መለኪያ አድርጎ እንደተዘናጋ ጽፈዋል። ፓኪስታን፣ ካራቺ ከተማ ውስጥ ደግሞ፣ እኛ የ2005 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ባከበርንበት ዕለት፣ የደኅንነት ሰርተፊኬት ካገኘ ሳምንታት ብቻ ያለፉት የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኛ አለቀ። ወረቀት እሳት ፊት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

እናንተ ኦዲተሮች፣ ሙያችሁን አከብራለሁ፤ ለዚህ ነው በእናንተ ላይ የምጨክነው። ፋብሪካ የምትገቡት ፋይል ልታዩ አይደለም። ገመዱን ሳቡት! ማሽኑ በስንት ሰከንድ እንደቆመ ጻፉ። ቀን ሳታስነግሩ ሂዱ፤ ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፎርማኑም ሲደክመው፣ ጋርዱ የት እንዳለ እዩ። የጉዳት መዝገቡን ከፈቃድ መዝገቡና ከክሊኒኩ ካርድ ጋር አስተያዩ፤ የእኛን ልጅ ታገኙት ነበር። ጠራጊውን ለብቻው አነጋግሩት። ጓንት ማጥለቁን ሳይሆን ጓንቱ ለዚያ ሥራ መዋል ያለበት መሆኑን ጠይቁ።

ባለሀብቶች፣ ለዜሮ ቦነስ አትክፈሉ። ዜሮ ላይ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው የገዛው ዝምታ ነው፤ ፎርማኑ ቦነሱን ላለማጣት፣ ሠራተኛው ጓደኞቹን ላለማስከፋት ቁስሉን ይደብቃል። ይልቅ “ለጥቂት ተረፍኩ” ብሎ ያስመዘገበውን አመስግኑ። በወር አርባ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጻፍበት ፋብሪካ ምንም ከማይጻፍበት ይልቅ ልጄን የምልክበት ነው። ጋርድ በየጊዜው የሚፈታ ከሆነም ሠራተኛውን ከመቅጣታችሁ በፊት ያለ ብሎን በፍጥነት የሚከፈት፣ ሲከፈት ማሽኑን ራሱ የሚያቆም ጋርድ አሠሩ። ይህ በዓለም ላይ ያልተሠራ ጥበብ አይደለም፤ ቀላል የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፣ እኔ ራሴ ስንቱን ገጥሜአለሁ።

ሠራተኞችስ? በእናንተ ላይ ድምፄን ከፍ ለማድረግ አንጀቴ አይችልም። ያ ሩጫ፣ ያ በእጅ ላይ የቀረ ገመድ ከጓደኛው እንቅልፍ እንዳልወጣ አውቃለሁ። ግን ገመዱ ቧንቧ ላይ ሲታሰር ያየ ዓይን ከመካከላችሁ ነበረ። ለምን ዝም ተባለ? የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች፣ እናንተ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ፊት ረድፍ ላይ ምን ትሠሩ ነበር?

እኛስ፣ በዚህች መሐል ከተማ በየቀኑ በሚያድግ ሕንጻ ሥር የምናልፈው? ፌሮ ስንገዛ ውፍረቱን እንለካለን፣ ዋጋውን እንከራከራለን። ማን እንዴት እንደሠራው የጠየቀ ገዢ አላጋጠመኝም፤ እኔም ቤቴን ሳሠራ አልጠየቅኩም። ትልልቆቹ ተቋራጮች አቅራቢያቸውን “የጉዳት መዝገብህን አምጣ” ቢሉት በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ይለወጣል። ሕንጻው ላይ ፎቅ ለመጨመር የሚያወጡትን ጉልበት ያህል እንኳ አይጠይቅም።

ደክሞኛል፣ ወገኖቼ። እንዲህ ያለ ነገር ስንናገር የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ቢሆንም ጨርሼ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ምክንያቴ ያ ልጅ ራሱ ነው። አሁን በግራ እጁ መጻፍ ተለማምዷል። ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የሚያቀርበውን ማመልከቻ ሰሞኑን አብረን አርቅቀናል፤ የጋርዱን፣ የገመዱንና የፈቃዱን ነገር በተራ አስፍሮታል። ጓደኛው ምስክር ሆኖ ሊፈርም ተስማምቷል፣ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ። የሚመጣው ሚያዝያ 20 ያው አዳራሽ ሲሞላ እኔም እገኛለሁ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ብቻ፣ ወደ መድረክ ወጥቶ “ዘንድሮ ሦስት ሰው ቆስሎብናል፤ የቆሰሉት እንዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተካከልነው ይህንን ነው” ብሎ ቢያነብ፣ ለእሱ አጨበጭባለሁ። እናንተም ተነሡለት።