ጄኔራል፣ በሞቴ አንድ ታንክ ይድገሙ!

«በሞቴ» እያሉ የጠገበን ሰው ማጉረስ የእኛ ብቻ ሙያ ይመስለን ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ለጦር ሠራዊቱ ታንክ ሲያጎርስ ያየ ግን በደግነት መበለጣችንን ያምናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሬይ ኦዲየርኖ በኮንግረሱ ፊት ቀርበው ታንክ አንፈልግም አሉ። የታንኮቻችን አማካይ ዕድሜ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የሊማ ፋብሪካ አብራምስ የተባለውን ታንክ መሥራቱን እስከ 2017 ይግታና ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይዋል ሲሉም አስረዱ። ምን ዓይነት ይሉኝታ ነው! ጠግቤያለሁ የሚል እንግዳ መግደርደሩ እንደሆነ ያልገባው ባለቤት ደግሞ ምኑን ባለቤት ሆነ? 173 እንደራሴዎች ታንኩ ይቀጥል ብለው ለመከላከያ ሚኒስትሩ ለሊዮን ፓኔታ ደብዳቤ ጻፉ። በሁለት ዓመት ውስጥም ግማሽ ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዶላር ላልጠየቀው ሠራዊት ተመደበ።

ፈራሚዎቹ ከሁለቱም ፓርቲዎች ናቸው። በግብርም በሕክምናም ዓይንና ናጫ የሆኑት ሪፐብሊካንና ዴሞክራት ታንክ ላይ ሲደርሱ አንድ ልብ መካሪ፣ አንድ ቃል ተናጋሪ ሆኑ። ለነገሩ ታንኩ ሊማ ላይ ይገጣጠም እንጂ ዕቃው ከብዙ ግዛቶች ነው የሚመጣው፤ ዕቃው በሚሠራበት ሁሉ ደግሞ መራጭ አለ። በተለይ የሊማ አካባቢ ተመራጩ ጂም ጆርዳን ሊመሰገኑ ይገባል። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ በተባለ ቁጥር መቀስ ይዘው ከፊት የሚሰለፉ ሰው ናቸው፤ መቀሱ ሊማ ሲደርስ እንዴት እንደሚዶለዱም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ የመንግሥት የሆነውን ፋብሪካ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔራል ዳይናሚክስ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው መከራከሪያ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። የታንክ ብረት የሚበይድ ባለሙያ አንዴ ከተበተነ በአንድ ጀምበር አይሰበሰብም። የሊማ ሠራተኛም ልጆች አሉት። ታዲያ «የሥራ ማቆያ» ብሎ በስሙ መጥራት ምን ከፋ? «ብሔራዊ ደኅንነት» ሲባል ገንዘብ ያዡ ስለማይከራከር ይሆናል።

በ2013 የበጀት ቅነሳው ሲመጣ ሠራዊቱ የወታደሮቹን ልምምድ ለመቀነስ ተገደደ። ለታንኩ ገንዘብ መመደቡ ግን አልቆመም። በካሊፎርኒያ በረሃ፣ በሲየራ የጦር ዴፖ፣ ከ2,000 በላይ አብራምስ ታንኮች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እንደራሴዎቻችን ያሳሰባቸው ብቸኝነታቸው ሳይሆን አይቀርም።

በ2019 ደግሞ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሊማ ድረስ ሄደው ፋብሪካውን ክፍት ያደረግሁት እኔ ነኝና ልትወዱኝ ይገባል ብለው ለሠራተኞቹ ነገሩ። ግብር ከፋዩን ማን ይውደደው የሚለው አልተነሣም።

«ይኸው፣ ዩክሬን ስትወረር ታንክ አስፈለገ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አስፈልጓል። በ2023 መጀመሪያ 31 አብራምስ ቃል ተገባላት። አዲስ ይሠራ ቢባል ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ከሠራዊቱ ትርፍ ክምችት ኤም1ኤ1 የተባሉት የቆዩ የአብራምስ ታንኮች ታድሰው ተላኩላት።