እጁ ይባረክ፣ እርሳስ አቅላጩ!

ጥይት ተወደደ እያለ ከሚያማርረው መሀል፣ የወዳደቀ እርሳስ ለቃቅሞ በገዛ ማድቤቱ እያቀለጠ ጥይት የሚያወጣው ሰው ምስጋና ሲያንሰው ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እሱ ወደ ደምም አዝልቋታል።

እውቀቱስ! «እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የሚፈላው ግን በ1749 ነው። የኔ ድስት ምን ተን ያወጣል?» ይላል አፉን ሞልቶ። ልክ ነው፣ እዚያ ሙቀት ላይ የሚወጣው ተን ጥቂት ነው። ከላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ ቆሻሻ በማንኪያ እየገፈፈ ጠርዝ ላይ ቋ ቋ ሲያደርግ የሚበነው ዱቄት የት እንደሚገባ ግን አይጠይቅም። ጨዋ ሰው የሰው መንገድ ምን አገባው! ዱቄቱም በጫማው፣ በሱሪው፣ በጥፍሩ ስር ሆኖ ሳሎን ይደርሳል። ምንጣፍ ላይ የሚድኸው ሕፃን መዳፉን ይልሳል። ሕፃን ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ቢልም፣ ድርጅቱ ስለ ቁጠባ ምን ያውቃል?

ድስቱንም አይጥልም። አለቅልቆ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ልበ ሙሉነቱ ደግሞ ለብቻው ይወደሳል። ከተኩስ ሜዳ አፈር ቆፍሮ ያወጣውን ያልደረቀ እርሳስ፣ በነጠላ ጫማ ቆሞ፣ መነጽር ሳያደርግ የቀለጠው ውስጥ ጣል ያደርጋል። ውስጡ ያለችው ጠብታ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ትሆንና ድስቱ ያለውን ሁሉ ፊቱ ላይ ይተፋዋል። መነጽር ለፈሪ ነዋ!

ከሁሉም የላቀው ግን የመኪና ባትሪ ሰባሪው ነው። በዚህ ሥራ ያረጁት እንኳ ባትሪ አትንኩ ይላሉ፤ አሲዱ ሳያንስ አርሴኒክና አንቲሞኒ የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩበት ስለሚችሉ፣ የሚገፈፈው ቆሻሻ እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ሊወጣው ይችላል። እሱ ግን እርሳስ በነፃ አገኘ፤ ለነፃ ነገር ይህን ያህል መክፈል ምን አላት?

«ስንት ዓመት ሳቀልጥ ምን ሆንኩ?» የሚለው ክርክሩን አንድም ሰው እስካሁን አልረታውም። እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊሻገር ይችላል። ገና ላልተወለደ ልጅ ጭምር የሚያስቀምጥ አባወራ ስንቱ ነው?

ሰሞኑን አንዱ ወዳጁ ደሙን እንዲመረመር ቢመክረው ቱግ ብሎ ተነሳበት፣ ራስ ምታቱ እንደገና እንደጀመረው ተናገረ፣ ከዚያ ስለ ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠፋው። ንዴት፣ ራስ ምታትና መርሳት የእርሳስ መመረዝ ምልክቶች ናቸው የሚሉ አሉ። ምቀኞች ናቸው።